የቲም በሚያድግበት ቤት የግብር ጉዳይ

(በሙጃ ከተማ ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች የተደረገ ንግግር)





ዛሬ እንድንናገርበት የተመረጠው ርዕስ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አይደለም። ስለ ግብር ነው። ርዕሱን የመረጥነው ከሁለት ወገን ሲመጣብን በቆየው ጥያቄ ምክንያት ነው። ከዚህ ከሙጃና ከጊዳን ቀበሌዎች የቲም የሚያሳድጉ ወገኖቻችን «የሟች ወንድሜን ልጆች እያሳደግሁ ከደመወዜ የሚቆረጠው ግብር ለምን አይቀነስልኝም?» ይሉናል። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ያሉ ለጋሾች ደግሞ «በየወሩ ለየቲሙ የምንልከው ገንዘብ ከግብራችን ይታሰብልናልን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ሁለት ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ግብር ሰብሳቢው ልጅን ይቆጥራል ወይስ አይቆጥርም? የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን መልስ ሳናዘገይ እንስጥ። በሀገራችን የደመወዝ ግብር ሕግ ውስጥ የልጆች ቁጥር ቦታ የለውም። ሕጉ የሚያየው የወሩን ደመወዝ ብቻ ነው። ሠራተኛው ያገባ ይሁን ያላገባ፣ የወለደ ይሁን ያልወለደ፣ የራሱን ልጅ ያሳድግ ወይም የሟች ወንድሙን፣ ግብሩ ሲሰላ ከእነዚህ አንዱም አይጠየቅም። በ1994 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም፣ እርሱን የተካው የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979ም፣ በሐምሌ ወር 2017 የጸደቀው ማሻሻያም በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ናቸው። የሚለያዩት በመጠኑ ነው። ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ በ1994ቱ አዋጅ 150 ብር፣ በ2008ቱ 600 ብር ሲሆን፣ በ2017ቱ ማሻሻያ 2,000 ብር ደርሷል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ እያንዳንዳቸው በወር 9,000 ብር የሚከፈላቸው ሁለት መምህራን አሉ እንበል። አንደኛው ገና ትዳር ያልያዘ፣ በኪራይ ቤት ብቻውን የሚኖር ወጣት ነው። ሁለተኛው ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ሲሆን፣ ወንድሙ ሲሞት ሁለቱን የቲሞች ወደ ቤቱ አምጥቷል። በአሁኑ ሠንጠረዥ 9,000 ብር ከ7,001 እስከ 10,000 ብር ባለው እርከን ውስጥ ይወድቃል። በ25 በመቶ ይባዛና ከውጤቱ 850 ብር ይቀነሳል፤ ግብሩም 1,400 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር፣ ሲቀነስ እጅ የሚገባው 6,970 ብር ነው። ይህ ለሁለቱም እኩል ነው። ወጣቱ ገንዘቡን ለአንድ ራሱ ያውለዋል። በሁለተኛው ቤት ግን ባልና ሚስትን ጨምሮ ሰባት ነፍስ አለ፤ ለሰባት ሲካፈል ለአንዱ 1,000 ብር አይሞላም። በቀድሞው ሠንጠረዥ የዚህ ደመወዝ ግብር 1,745 ብር ስለነበር፣ ማሻሻያው 345 ብር ማቃለሉ እውነት ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን ማቃለያውም ቢሆን ለሁለቱ እኩል የተሰጠ ነው።

ይህን ስንል ሕግ አውጪው ለልጆች ግድ የለውም ማለታችን አይደለም። እንደሚመስለን አንዱ ምክንያት የአሠራሩ ቅለት ነው። የደመወዝ ግብር በየወሩ በቀጣሪው እጅ ተቆርጦ ገቢ የሚሆን ስለሆነ፣ ሠራተኛው በዓመቱ መጨረሻ ቀርቦ «ይህን ያህል ልጅ አለኝ» የሚልበት መስኮት የለም። ልጅን ለመቁጠር ደግሞ የልደት መዝገብ ያስፈልጋል፤ በሀገራችን የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በአዋጁ መሠረት በቀበሌ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። መዝገብ በሌለበት አገር በልጅ ቁጥር ግብር መቀነስ ለሐቀኛው ሳይሆን ለዋሾው በር መክፈት ይሆን ነበር።

ልጅን ቆጥሮ መስጠት ግን ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ከበይተል ማል ለሕዝቡ ድርጎ በመደቡበት ዘመን፣ ለሕፃናት የሚሰጠው ጡት ከተዉ በኋላ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት፣ ወደ መዲና የመጡ መንገደኞችን ሌሊት ሲጠብቁ የአንድ ሕፃን ልቅሶ ሰሙ። እናቲቱን ደጋግመው ቢጠይቋት፣ ማንነታቸውን አላወቀችምና፣ ዑመር ጡት ለተወ ልጅ ካልሆነ አይሰጡምና ቶሎ እንዲተው እያስገደደችው መሆኑን ነገረቻቸው። በማግሥቱ የሱብሕን ሰላት ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው የተነሣ ድምፃቸው በደንብ አይሰማም ነበር ይባላል። ከዚያም ድርጎው ልጁ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እንዲታሰብ አዘዙ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ስለ ኸሊፋው እዝነት ሲነገር ሰምታችሁታል። ለዛሬው ርዕሳችን የሚጠቅመን ግን ሌላው ገጽታው ነው። በመዝገብ ላይ የተሠመረች አንዲት መስመር፣ ልጅ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የምትወስን መስመር፣ እዚያ ቤት ድረስ ገብታ የእናትን ጡት አስከልክላለች። ስለዚህ የግብርና የድጋፍ ሕግ ልጁን የሚቆጥረው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ የባለሙያ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

በዘመናችን ብዙ መንግሥታት ልጅ ለሚያሳድግ ግብር ከፋይ በሁለት መንገድ ያቃልላሉ፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ከገቢ ላይ የሚቀነስ ነው። 1,000 ብር ከገቢው የተቀነሰለት ሰው፣ በ35 በመቶ እርከን ላይ ከሆነ 350 ብር ግብር ይቀርለታል፤ በ15 በመቶ እርከን ላይ ከሆነ የሚቀርለት 150 ብር ብቻ ነው። ገቢው ከፍ ያለው አብልጦ ይጠቀማል ማለት ነው። ሁለተኛው ከተሰላው ግብር ከራሱ ላይ የሚቀነስ ነው፤ በዚህኛው 1,000 ብር ለሁሉም 1,000 ብር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ የጀመረችው የልጅ የግብር ቅናሽ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ሲሆን፣ ከ2025 የግብር ዓመት ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ይደርሳል። እንግሊዝም ተመሳሳይ ስም ያለው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምራ፣ በሚያዝያ 2025 ዘግታ ወደ ሌላ አጠቃላይ የድጎማ ሥርዓት አዛውራዋለች። የማሌዥያው ደግሞ ለእኛ ጆሮ ደስ የሚል ነው፤ በዚያ ሕጋዊ ለሆነው ሰብሳቢ የተከፈለ ዘካት፣ ግለሰቡ ከሚከፍለው የገቢ ግብር ላይ በቀጥታ ይቀነስለታል።

እዚህ ላይ አስተያየታችንን እንናገር። እንዲህ ያለ ቅናሽ በሀገራችን ቢታወጅ ከላይ ያነሣነው መምህር ይጠቀማል፤ እሰየው እንላለን። ነገር ግን በጊዳን የቲም የሚያሳድገው አብዛኛው ቤተሰብ ደመወዝተኛ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ የሰሙ አንዲት አያት «እናንተ ልጆች፣ እኔ የምገብረው ለዚያች ለጥማዷ ነው፤ ደመወዝ የምትሉትን የት አውቄው?» ብለውናል። እውነታቸውን ነው። የደመወዝ ግብር የማይከፍል ሰው ከደመወዝ ግብር ሊቀነስለት አይችልም። በአሜሪካም ቢሆን ገቢው እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ የቅናሹን ሙሉ መጠን አያገኝም፤ እጅግ የሚያስፈልገው ልጅ አነስተኛውን ይወስዳል። ስለዚህ ለየቲም አጥብቀን የምንፈልገው ከግብር የሚቀነሰውን ሳይሆን በልጁ ስም የሚመጣውን ነው። የዑመርም (ረ.ዐ.) መንገድ ይኸው ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታና በሌሎችም የአሜሪካ አካባቢዎች የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ክፍል ልብ ብላችሁ እንድታነቡልን እንሻለን። በሙጃ ያለውን የቲም፣ ወጪውን ሁሉ ብትችሉለት እንኳ፣ በአሜሪካው የግብር ቅጽ ላይ በእናንተ ሥር የሚተዳደር ልጅ ብሎ መጻፍ አይቻልም። የዚያ ሀገር ሕግ እንዲህ ያለው ልጅ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ እንዲሆን ይጠይቃል። ለልጅ የግብር ቅናሹ ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ከዓመቱም ከግማሽ በላይ በእናንተ ቤት የኖረ መሆን አለበት። በእጅ ወይም በሐዋላ በቀጥታ ለቤተሰቡ የምትልኩትም ገንዘብ ከግብር የሚታሰብ ልገሳ አይባልም። የሚታሰበው በዚያው ሀገር ሕግ ዕውቅና ባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል የሰጣችሁት ነው። በእንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ፣ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ፣ ተመዝግቦ ለሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት በጊፍት ኤይድ በኩል ስትሰጡ ድርጅቱ በአንድ ፓውንድ ላይ 25 ሳንቲም ከመንግሥት ያስመልሳል፤ ከኪሳችሁ ሳትጨምሩ ልገሳችሁ ያድጋል ማለት ነው።

ቅጽ የሚሞሉላችሁ ሰዎች «ዝም ብለህ ጻፈው፣ ማን ያያል?» ቢሏችሁ አትስሟቸው። በየቲም ስም በሐሰት የተገኘ ገንዘብ ለየቲም ቢሰጥም ሰደቃ አይሆንም።

ሁኔታው የሚለየው የቲሙ ወደ እናንተ መጥቶ በቤታችሁ የሚያድግ ከሆነ ነው። የሟች ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን ልጅ አምጥታችሁ፣ መኖሪያውና ሰነዱ ተስተካክሎ አብሯችሁ ከኖረ፣ የአሜሪካው ሕግ ሳታሳድጉት በፊት የጉዲፈቻ ውል ተዋዋሉ አይልም፤ የወንድምና የእኅት ልጅ በራሱ ይቆጠራል። በእንግሊዝም ወላጆቹ የሞቱበትን ልጅ ለሚያሳድግ፣ ከመደበኛው የልጅ ድጎማ በላይ የሚሰጥ የሞግዚት አበል የሚባል ክፍያ አለ። ይህን ለይተን የምንናገረው፣ ልጁን ከአባቱ ስም ነጥቀው ወደ ራሳቸው እንዳይጠሩት የሚፈሩ ወገኖች ስላሉ ነው። ፍርሃታቸው ልክ ነው፤ ሸሪዓችን የልጁ የዘር ሐረግ እንዲጠበቅ ያዛል። የቲሙ የአባቱን ስም እንደያዘ በእናንተ እጅ ሊያድግና መብቱንም ሊያገኝ እንደሚችል ግን እወቁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ደመወዙ ላይ የተዘጋው በር በሌላ ወገን የተከፈተባቸው ቦታዎች አሉ፤ ብዙው ሰው አያውቃቸውም።

ትንሹን እናስቀድም። በ2008ቱ አዋጅ መሠረት ለቀለብ ወይም ለልጅ ማሳደጊያ የሚከፈል ገንዘብ በተቀባዩ እጅ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ለትምህርት የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ድጋፍም እንዲሁ። ስለዚህ ለየቲም ማሳደጊያ የተላከላችሁን ገንዘብ «ግብር ይጠየቅበታል» ብሎ የሚያስፈራራችሁ ቢመጣ፣ ሕጉን ጠቅሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ትልቁ የሟች ወላጅ ጡረታ ነው። ሟቹ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ወታደር፣ ወይም የጡረታ መዋጮ ይቆረጥለት የነበረ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ፣ የየቲሙ ድርሻ በሕግ የተቆረጠ ነው። ሟቹ ጡረተኛ የነበረ ወይም ለጡረታ የሚያበቃውን አገልግሎት፣ ማለትም 10 ዓመት፣ የፈጸመ እንደሆነ፣ የትዳር ጓደኛው የጡረታውን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል። እናትም አባትም የሞቱበት ልጅ 30 በመቶ ይሆንለታል። የሁሉም ድምር ግን ከጡረታው አይበልጥም። ለምሳሌ የሟቹ የወር ጡረታ 4,000 ብር ቢሆን፣ ሚስቱ 2,000፣ ሁለቱ ልጆቹ እያንዳንዳቸው 800 ብር ይደርሳቸዋል፤ ድምሩ 3,600 ብር ነው። እናትየዋም ከሞቱ የሁለቱ ልጆች ድርሻ ለእያንዳንዳቸው 1,200 ብር ይሆናል። አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላም ቢሆን ባዶ እጁን አይሰናበትም፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ሊኖር ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የሞተ ከሆነም የአገልግሎቱ ዘመን አይታይም።

በፊቅህ የቲም የምንለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን ያጣውን ነው፤ እናቱን ብቻ ያጣው በዚህ ስም አይጠራም። የጡረታ ሕጉ ግን እናትና አባትን አይለይም። መምህርት ወይም ነርስ የነበረች እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ አባቱ በሕይወት ቢኖርም የ20 በመቶው ድርሻ አለው። «የቲም አይደለምና አይመለከተውም» ተብሎ የልጅ መብት የሚቀርበት ቤት ስላለ ነው ይህን የምናነሣው። ገንዘቡ የልጁ መሆኑንም አሳዳጊው ይወቅ። ሞግዚት ይቀበለዋል እንጂ አይወርሰውም፤ ምን እንደገባና ለምን እንደወጣ በደብተር መጻፍ ለልጁም ለአሳዳጊውም ይበጃል።

ጡረታ የሌለው ገበሬ ቤተሰብስ? ለእርሱ ልጅን በእርግጥ የሚቆጥረው በ1997 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በዚያ ድጋፉ የሚታሰበው በቤተሰቡ አባላት ቁጥር ሲሆን፣ መሥራት የሚችል ሰው የሌለው ቤት፣ ለምሳሌ አረጋዊት አያት ከልጅ ልጆቿ ጋር የምትኖርበት፣ ያለ ሥራ ግዴታ በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። የቲም ወደ ቤታችሁ ሲገባ በቀበሌው የቤተሰብ ዝርዝር ላይ ስሙ ካልተጨመረ ግን እንደሌለ ይቆጠራል። ለሟች አባቱ ቤት ተመዝግቦ የነበረው ድርሻም ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። አንድ ልጅ በሁለት ቤት መሐል ሳይቆጠር ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚያሳስበን ግን የመሬቱ ግብር ነው። ገበሬው በየዓመቱ የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር በማሳው ስፋት እንጂ በአፍ ቁጥር አይሰላም። አባት ሲሞት ጥማዱ ይቀራል፤ ግብሩም ይቀጥላል። ልጆቹ ትንንሾች ስለሆኑ አጎት ወይም ሌላ ዘመድ መሬቱን ይይዝና ያርሳል፣ ወይም በእኩል ያሳርሳል፤ ግብሩንም ይከፍላል። እስከዚህ መልካም ነው፤ እርዳታም ነው። ችግሩ ደረሰኙ ላይ ይጀምራል። ደረሰኙ በአጎት ስም ይቆረጣል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አሥር ዓመት እንዲህ ይሄዳል። ልጁ አድጎ «የአባቴ መሬት» ሲል፣ አጎት አሥር ደረሰኝ አውጥቶ ያሳያል። በሕግ ግብር መክፈል ብቻውን ባለይዞታ አያደርግም፤ በሽምግልናና በቀበሌ ፊት ግን የደረሰኝ ክምር ብዙ ክብደት አለው። ቁርዓን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ ስለ የቲም ገንዘብ ያስጠነቀቀው እጅግ ከባድ ነው፤ ያን የሚያውቅ አጎት እንኳ በክፋት ሳይሆን በዝምታ ብቻ የየቲሙን መሬት ወደ ራሱ ሊያዞር ይችላል። እርሱ ሲሞት ደግሞ ልጆቹ የሚያውቁት ደረሰኙን እንጂ የአባታቸውን አማና አይደለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የልጆቹ ስም ከሞግዚታቸው ስም ጋር ይግባ፤ የዓመቱ ግብር በልጆቹ ስም፣ «በሞግዚት እገሌ በኩል» ተብሎ ይከፈል። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በ1997 ሲወጣ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በሕጋዊ ሞግዚቶቻቸው አማካይነት በመሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ወላጅ ላጡ ሕፃናት መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል። ስለዚህ ይህን መጠየቅ ጠብ መጫር አይደለም። አጎቱም ቢሆን እንዲህ ሲያደርግ ራሱን ከነገ ክርክርና ከአኼራ ጥያቄ ያድናል።

በሀገር ውስጥ ላላችሁ ነጋዴዎች አንድ ቃል እንጨምር። የሂሳብ መዝገብ ይዛችሁ በትርፋችሁ ላይ ግብር የምትከፍሉ ከሆነ፣ በሕግ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጣችሁት ገንዘብ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያችሁ 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ፣ በወጪነት እንዲያዝላችሁ የ2008ቱ አዋጅ ይፈቅዳል። ዓመታዊ ገቢው 500,000 ብር የሆነ ነጋዴ 60,000 ብር ቢሰጥ የሚያዝለት 50,000 ብር ነው፤ በ35 በመቶ ሲሰላ 17,500 ብር ግብር ይቀርለታል። ይህ ግን ከላይ ከለየናቸው ከሁለቱ መንገዶች የመጀመሪያው፣ ከገቢ ላይ የሚቀነሰው፣ መሆኑን ልብ በሉ። ለደመወዝተኛና በሽያጭ መጠን ተተምኖ ለሚከፍል አነስተኛ ነጋዴም አይሠራም። ደረሰኝ የሌለው ልገሳ በአላህ ዘንድ ይታወቃል፤ በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ግን አይታወቅም።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው አንድ ነገር ወረቀት ነው። ከሞት ማስረጃ ጋር የጡረታው በር ይከፈታል፤ ከልደት ማስረጃ ጋር ልጁ ይቆጠራል፤ ከሞግዚትነት ማስረጃ ጋር አሳዳጊው ስለ ልጁ ይናገራል። በ2004 የወጣው የምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዘዘ ሲሆን፣ ጊዜው ያለፈበትም በማስረጃ ይመዘገባል። በ2013 ማብቂያና በ2014 በሰሜን ወሎ በደረሰው ጦርነት ሰውም ሞቷል፣ መዝገብም ጠፍቷል። ከዚያም ወዲህ በክልሉ ሰላም ባለመኖሩ በሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ መንገድ ተዘግቶበት ወደ ወልድያ መውረድ ያልቻለባቸው ጊዜያት ነበሩ። በዚህ ምክንያት አባቱ መሞቱን መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ በመንግሥት መዝገብ ግን አባቱ ያልሞተበት የቲም አለ።

ሞግዚትነትን በተመለከተ፣ አባት ሲሞት እናት በሕግ ሞግዚት ናት፤ ሁለቱም ካለፉ አያቶች፣ ከዚያም ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች፣ አጎቶችና አክስቶች በተራ ይመጣሉ፤ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። ባለጉዳዮቹ ሁሉ ከፈቀዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የሞግዚትነትንና የውርስን ጉዳይ ያያል። ፈቃዱ ግን የሁሉም መሆን አለበት፤ አንዱ ወገን ካልተስማማ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መሄድ ነው።

ሰነዳቸው ያልተሟላ ቤተሰቦች የሟቹን ሙሉ ስም፣ የሞተበትን ቀንና ቦታ፣ ይሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት፣ የልጆቹን ስምና ዕድሜ፣ ካለም የመሬቱን ደብተርና የመጨረሻውን የግብር ደረሰኝ ይዘው ይቅረቡ። ምስክር የሚሆኑ ሁለት ጎረቤቶችም ይዘው ቢመጡ ሥራው ይፈጥናል፤ ሙስሊም ይሁኑ ክርስቲያን ለምስክርነቱ ለውጥ የለውም፤ በዚህ ደጋ ለቅሶ የሚደርሰው ጎረቤት ሁሉ ነውና። ዝርዝሩን በዕድሜ ቅደም ተከተል እናዘጋጃለን፤ ትንሹ ሳይሆን ትልቁ ልጅ ይቀድማል። የ17 ዓመቱ ልጅ በ18 ዓመቱ የጡረታው በር ስለሚዘጋበት የቀሩት ወራት ጥቂት ናቸው።